በችክችካ ውስጥ የሚሮጥ ፊል

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሆቴል ቅዳሜና እሑድ ከባንድ ጋር ድራም እጫወታለሁ። በሠርግ ወቅት ደግሞ እስከ መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት ድረስ እንሄዳለን። ፊሎቼ፣ ማለትም በተራው ምት መሐል የማስገባቸው አጫጭር ማሳመሪያዎች፣ ሁሉ አንድ ዓይነት እየሆኑብኝ ተቸግሬያለሁ። ከኢንተርኔት ብዙ ተለማምጃለሁ፤ ብቻዬን ስጫወታቸው ያምራሉ፣ ባንዱ ውስጥ ሲገቡ ግን ይበላሻሉ። የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ‹ትሮጣለህ› ይለኛል፤ ዘፋኟ ደግሞ ‹ቃሌን ትበላብኛለህ› ትላለች። ተራ ምቴም ደረቅ ነው ይሉኛል። ስንት ፊል ማወቅ ይኖርብኛል? ትልቁን ባስ ድራም በሁለቱም እግር የሚያስመታ ደብል ፔዳል ብገዛስ ይሻሻላል?»

ምላሽ፦ የጎደለህ ፊል አይደለም። ከጻፍከው እንደምረዳው ከበቂ በላይ ታውቃለህ። ነገር ግን የምታውቃቸው በአብዛኛው ለአራት-አራተኛ ምት የተሠሩ ናቸው፤ በአንተ አካባቢ ሕዝቡን ከወንበሩ የሚያስነሣው ደግሞ ችክችካ ነው። የቤዝ ተጫዋቹ፣ ዘፋኟና ሌሎቹ የነገሩህ ሦስት የተለያዩ ጉድለቶችን ነው፤ አንተ ግን ሦስቱንም «የፊል ችግር» ብለህ በአንድ ከረጢት ከተትሃቸው። የመጀመሪያው የአከፋፈል ችግር ነው፣ ሁለተኛው የቦታ፣ ሦስተኛው የድምፅ ልክ። ደብል ፔዳል ከሦስቱ አንዱንም አይነካም።

ከቤዝ ተጫዋቹ ክስ እንነሣ። ችክችካ በስድስት-ስምንተኛ ይቆጠራል፦ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት። ስድስቱ አንድ ላይ አንድ ባር ይባላሉ፤ ከባዶቹ ምቶች አንድ እና አራት ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ከባድ ምት በውስጡ ሦስት ትንንሽ ምቶችን ይይዛል፤ እጥፍ ሲሆን ስድስት። በኢንተርኔት የምታገኛቸው የሮክና የፖፕ ፊሎች ግን ከባዱን ምት በአራት ይከፍሉታል። ያንን አምጥተህ ችክችካ ውስጥ ስትከተው ሁለት ነገር ይገጥምሃል። ወይ እጅህ ከባንዱ ትንንሽ ምት ፈጥኖ አራቱን በሦስቱ ቦታ ላይ ያጭቃል፤ ወይ ፍጥነቱን ጠብቆ ሲሄድ አራተኛው ምት ተርፎ ወደሚቀጥለው ከባድ ምት ይገባል፣ አንተም ያመለጠህን «አንድ» ለመያዝ ትጣደፋለህ። ቤዙ በዚህ ሁሉ መሐል በሦስት መቁጠሩን አላቆመም። «ትሮጣለህ» ያለህ ይህን ሰምቶ ነው።

ብቻህን ስትለማመድ ለምን እንዳማረህም ከዚህ ይገባሃል። ሜትሮኖምህ (ምት የሚቆጥርልህ መሣሪያ) የሚመታው ከባዶቹን ምቶች ብቻ ከሆነ፣ በመሐላቸው በሦስት ብትከፍል በአራት አይከስህም፤ ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ። የሚከስህ ሰው ነው። ስለዚህ «ከሜትሮኖም ጋር እኮ ልክ ነኝ» የሚለው መከራከሪያ ችክችካ ላይ ብዙ አያስኬድም። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 180 ላይ አድርገህ ትንንሾቹን ምቶች አስቆጥረው፤ ከባዱ ምት 60 ይሆናል ማለት ነው። የአራት ፊልህን በዚያ ላይ ሞክረው፣ ጉዱን ወዲያው ትሰማዋለህ።

ለመሮጥህ ሌላም ምክንያት ይኖራል፤ ይኸውም ግራ እግርህ ነው። ተራውን ምት ስትጫወት ጊዜውን የሚጠብቅልህ በሃይሃት (በፔዳል በሚከፈትና በሚዘጋው ጥንድ ሳህን) ላይ ያለው ቀኝ እጅህ ነው። ፊል ሲጀምር እጅህ ሃይሃቱን ትቶ ወደ ቶሞቹ፣ ማለትም ወደተደረደሩት ከበሮዎች፣ ይሄዳል፤ በዚያች ቅጽበት ሰዓት የሚይዝ የአካል ክፍል አይኖርህም። ግራ እግርህ ግን ነጻ ነው። በፊል ጊዜም የሃይሃቱን ፔዳል አንድ እና አራት ላይ መርገጡን ካላቋረጠ እጆችህ የፈለጉበት ቢሄዱ መመለሻ አላቸው። ይህን አንድ ልማድ ብቻ ብትይዝ ከችግርህ ግማሹ ይቀልልሃል ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ላይ እግርህ አልታዘዝ ይላል፤ ፊሉን ትተህ እግሩን አስቀድም።

አሁን ብዙ ድራመሮች ስሙን ሳያውቁለት የሚሰናከሉበትን ነገር ልንገርህ። በአራት ምት የለመደ እጅ ቀኝ-ግራ-ቀኝ-ግራ ብሎ ይጨርስና ቀኙ ለክራሹ (ለማሳረጊያ ለሚመታው ጯኺ ሳህን) ነጻ ሆኖ ይጠብቃል፤ ቁጥሩ ሙሉ ስለሆነ። ሦስት ግን ጎዶሎ ነው። ቀኝ-ግራ-ቀኝ ብለህ ስድስት ላይ ስትደርስ «አንድ» ላይ ክራሹን የመምታት ተራ የግራ እጅ ይሆናል። ግራህ ደግሞ ከክራሹ ራቅ ብሎ ስኔር (ከፊትህ ያለው ዋናው ከበሮ) ላይ ነው። እጅህ ይደናገጣል፤ ወይ ይዘገያል ወይ አንድ ምት ይውጣል። ይህ የችሎታ ጉዳይ አይደለም፣ የእጅ አሰላለፍ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ቀኝ-ግራ-ግራ ብለህ ምታው። ቀኙ አራት ላይ ፍሎር ቶሙን (ወለል ላይ የሚቆመውን ትልቁን ቶም)፣ ግራው አምስትና ስድስት ላይ ስኔሩን ይመታል፣ ከዚያ ቀኙ ከባስ ድራሙ ጋር ክራሹ ላይ «አንድ» ብሎ ያርፋል። ይህ የመጀመሪያ ፊልህ ነው። ግማሽ ባር ብቻ ይወስዳል፣ ማንንም አይረብሽም።

ሁለተኛው ያንኑ ግማሽ ባር በእጥፍ መሙላት ነው፦ ከአራት እስከ ስድስት ባለው ቦታ ስድስት ምት፣ ቀኝ-ግራ እያፈራረቅህ፣ ሁለት ስኔር ላይ፣ ሁለት ቶም ላይ፣ ሁለት ፍሎር ቶም ላይ። ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ቀኝህ ለክራሹ ይደርሳል። ሦስተኛው ሙሉውን ባር የሚይዝ ነው። ባሩ በእጥፍ ሲቆጠር 12 ምት አለው፤ አራት ስኔር፣ አራት ቶም፣ አራት ፍሎር ቶም አድርገው። እዚህ ላይ በአራት በአራት የመደርደር ልማድህ በመጨረሻ ቦታ አገኘ፤ ምክንያቱም ትንንሾቹን ምቶች ፍጥነታቸውን አልለወጥክም፣ አደራደራቸውን ብቻ ነው። ጆሮ ግን ሁለት ይመታ የነበረው ባር በድንገት ሦስት ሲመታ ይሰማል፤ አደራደሩ አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ ስለሚጠነክር ነው። ግራ እግርህ አሁንም አንድ እና አራት ላይ ከሆነ ሦስቱ በሁለቱ ላይ ተሻግሮ ሰሚውን ለቅጽበት ያንጠለጥለዋል፣ «አንድ» ሲመጣ ይለቀዋል። ውበቱ ይህ ነው። ነገር ግን ቤዝ ተጫዋቹ ሳያውቅ አትጀምረው፤ እርሱም ተከትሎህ ወደ ሦስት ከሄደ ባንዱን «አንድ» ላይ የሚሰበስበው ሰው አይኖርም።

አራተኛ ልጨምርልህ፣ ምንም የማይለመድበት ነው። አራት ላይ ባስ ድራሙንና ስኔሩን አንድ ላይ ምታና አምስትንና ስድስትን ባዶ ተዋቸው። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ይሠራል። በሠርግ አዳራሽ ውስጥ ከማንኛውም የቶም ሩጫ በላይ ጩኸት ሲያስነሣ ታየዋለህ።

«ስንት ፊል ልወቅ?» ላልከው መልሱ እንግዲህ እነዚህ ናቸው። የአሜሪካ የድራም መምህራን የሚጠቅሷቸው 40 መሠረታዊ የስቲክ አመታቶች አሉ። ለእጅ ጥንካሬ ይጠቅማሉ፣ ጊዜ ሲኖርህ ተማራቸው፤ ግን ቅዳሜ ማታ ባንዱን የሚያድኑት አይደሉም።

ወደ ዘፋኟ ልሂድ፤ በእኔ እምነት ከሦስቱ ክሶች የከበደው የእርሷ ነው። በአማርኛ ዘፈን የስንኙ ኃይል መጨረሻው ላይ ነው። ቤት የሚመታው ቃል እዚያ ነው፣ ወርቁም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የተቀበረው። የሸዋ አድማጭ ደግሞ ቃል የሚጠብቅ አድማጭ ነው፤ አዝማሪ ሲሰማ ጆሮውን አቅንቶ የሚጠብቀው ያችን ቃል ነው። አንተ አራተኛው ባር ስለደረሰ ብቻ ፊል ስታወርድ በቀጥታ እርሷ ላይ ትወድቃለህ። የውጭ ትምህርቶች «በየአራት ባሩ አንድ ፊል» የሚሉት ስንኙ በእንዲህ ያለ መንገድ ለማይታነጽ ዘፈን ነው። ፊል እንደ እልልታ ነው፤ በቦታው ሲወጣ ቤቱን ያነሣል፣ ምርቃት መሐል ሲወጣ ግን ሽማግሌውን ያቋርጣል።

ታዲያ ቦታው የት ነው? ቃሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ እዚያም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሌላ ባለቤት አለ። ስንኙ ሲያልቅ ሳክስፎኑ፣ ኦርጋኑ ወይም ማሲንቆው ይመልሳል። በመልሱ ላይ ከገባህ ደግሞ ሁለተኛ ሰው ታስቀይማለህ። በድሮዎቹ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ቅጂዎች ላይ ይህን ልብ ብለህ አድምጥ፤ በስንኝ መሐል የሚመልሱት የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ናቸው፣ ድራሙ ብዙ ጊዜ ሥራውን ይዞ ይቀመጣል። ለአንተ የሚተርፉት ቦታዎች ጥቂት ናቸው፦ ወደ አዝማች መግቢያ፣ ከአዝማች ወደ መሣሪያ ብቻ የሚሻገርበት፣ ዘፋኟ ከረጅም ሙዚቃ በኋላ ልትመለስ ስትል። የዘፈኑን አካሄድ በወረቀት ጻፍና እነዚህን ብቻ አክብብ። በአንድ ዘፈን ውስጥ ከአምስት ስድስት በላይ ክብ ከወጣህ ራስህን ጠርጥር። ዝግ ባለ ትዝታ ላይ ጨርሶ ባይኖርም ማንም አይጠይቅህም።

የፊሉም መጠን በሚሄድበት ቦታ ይወሰናል። ወደ አዝማች ከሆነ ሊያድግ ይችላል። ወደ ስንኝ ስትመለስ ግን ማነስ አለበት፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሊናገር ነው። ብዙዎች ሁልጊዜ በክራሽ መጨረስ ግዴታ ይመስላቸዋል። ባስ ድራምና የተዘጋ ሃይሃት ላይ ማረፍም ማረፍ ነው።

ምትህ ደረቅ የሆነበት ምክንያት ደግሞ ሁሉንም ነገር በአንድ ድምፅ ስለምትመታ ይመስለኛል። የሆቴል አዳራሽ ግድግዳና ወለሉ ሲሚንቶና ሴራሚክ ነው፣ ኦርጋኑ ይጮኻል፣ አንተም ለመሰማት እኩል ትጮኻለህ። ሦስቱ የሃይሃት ምቶች እኩል ከጮኹ ግን ችክችካው ይሞታል። ከስኔሩ ጀምር። ዋናው የስኔር ምት አራት ላይ ከሆነ፣ በዙሪያው ሁለት፣ ሦስትና ስድስት ላይ በግራ እጅህ በጣም ትንንሽ ምቶችን ጣል። ትንሽ ስል የስቲኩ ጫፍ ከቆዳው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይነሣል ማለቴ ነው፤ ለዋናው ምት 20 ወይም 30 ከሆነ ልዩነቱ ይሰማል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ትንንሾቹን ለይቶ አይሰማቸውም፤ ቢወጡ ግን ምቱ እንደጎደለ ይሰማዋል። በጄምስ ብራውን ባንድ የተጫወተው ክላይድ ስታብልፊልድ ስሙ ዓለምን የዞረው በዚህ አመታት ነው፤ ጩኸት ሳይጨምር ምቱን በትንንሽ ድምፆች ይሞላዋል። አዘውትሮ የሚሠራው ስህተት ትንንሾቹን እየረሱ እየረሱ ማሳደግ ነው። በስልክህ ቅረጽና ከአዳራሹ ጀርባ የተቀረጸውን ስማ፤ ከራስህ ወንበር የምትሰማው ድምፅ ይዋሽሃል።

ቀጥሎ ለየክፍሉ የተለየ ገጽታ ስጠው። በስንኙ ላይ የተዘጋ ሃይሃትና የስኔሩን ጠርዝ በስቲክ ጎን መምታት፣ በአዝማቹ ላይ ራይድ (ትልቁ ሳህን) እና ሙሉ ስኔር፣ በሙዚቃው ላይ የራይዱ ጉልላት። ስድስት ላይ ሃይሃቱን ከፍተህ አንድ ላይ ዝጋው፤ ይህች ብቻ ባሩን ትገፋዋለች። ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር ዕድሜውን የጨረሰው ቻርሊ ዋትስ ስኔሩን በሚመታበት ምት ላይ ቀኝ እጁን ከሃይሃቱ ያነሣ ነበር። አራት ላይ ሞክረው፤ ስኔሩ ብቻውን ስለሚቀር ሳትጮኽ ጎልቶ ይወጣል።

ማሕሌት ቆመህ የምታውቅ ከሆነ ስለ ሙቀት አወጣጥ የተሻለ ትምህርት ከየትም አታገኝም። ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከዚያም ወደ ጽፋት ሲሄድ በየደረጃው አንድ ነገር ይጨመራል፦ መቋሚያው፣ ከበሮው፣ በመጨረሻ ጭብጨባው። ማንም ሁሉንም በአንዴ አያፈሰውም። አንተ ግን ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ የሠርግ ዘፈን በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ያለህን ሁሉ ትሰጣለህ፤ ከዚያ በኋላ ፊል ካልሆነ ምን ይጨመር? አካሄዱን ውሰድ እንጂ የከበሮውን አመታት እንዳለ ወደ ዳንስ ቤት አታምጣው፤ ቦታው አይደለም፣ አድማጩም ይቀየማል።

ባንድህ ውስጥ ኦርጋኑ የተቀረጸ የከበሮ ምት ከኋላ የሚያጫውት ከሆነ ይህን አስብ። ማሽኑ አይጠብቅህም። ለሰው ጆሮ የማይታወቅ ትንሽ መሮጥ እንኳ ሁለት ባስ ድራም ተራርቆ ሲመታ ያስጋልጥሃል። የማሽኑን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ስማ፤ ካልተቻለ ከኦርጋን ተጫዋቹ ጋር ተነጋገሩና ወፍራሙን ድምፅ ከማሽኑ ላይ አጥፍቶ ቀጭኑን ብቻ ይተወው። ወፍራሙ ያንተ ይሁን። ሁለት ባለቤት ያለው ባስ ድራም ቤዙንም ግራ ያጋባዋል።

ስለ መሣሪያው ባጭሩ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥተህ በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስትወርድ፣ በተለይ የቆዳ ከበሮ ካላችሁ፣ የጠዋቱ ድምፅ ከሰዓት አይገኝም። ደረቅ ሙቀት ቆዳውን ይወጥረዋል፣ እርጥበት ያላላዋል። የድራሙ ፕላስቲክ ቆዳ ይህን ያህል አይለዋወጥም። ቢሆንም ዕቃው ከመኪና እንደወረደ አትቃኘው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ። ክራሹን የሚይዘውን ብሎን እስከ መጨረሻ አታጥብቀው፤ መወዛወዝ ያልቻለ ክራሽ ይሰነጠቃል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው ስለ ጆሮ ነው። የሥራ ላይ ጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤልን በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ድራም ደግሞ ያንን በቀላሉ ያልፋል። ጥጥ መወተፍ መከላከያ አይደለም፤ ለዚሁ የተሠራውን የጆሮ መከላከያ ግዛ። ሁለተኛው ስለ አንጓህ ነው። በብርድ እጅ ወደ ፈጣን ምት አትግባ። ጣቶችህ ቢደነዝዙ ወይም ሕመሙ ሌሊት ቢቀሰቅስህ «ይለመዳል» አትበል፤ ልምምዱን አቁመህ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

አንድ ገደብም ልናገር። ይህ ሁሉ የሚያስተካክለው ያንተን ድርሻ ነው። ዘፋኟ ባር ቆርጣ ቀድማ የምትገባ ከሆነ ወይም ድምፅ የሚያስተካክለው ሰው ኦርጋኑን ብቻ ከፍ የሚያደርግ ከሆነ በፊል አትፈታውም፤ በልምምድ ቀን ፊት ለፊት መነጋገር ነው።

የምመክርህን በግልጽ ላስቀምጥ። በሚመጣው ዐቢይ ጾም 55ቱን ቀናት ሠርግ የለም፤ ያን ጊዜ ያዘው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ፊል አትጫወት። ሜትሮኖሙ ትንንሾቹን ምቶች እየቆጠረ፣ ግራ እግርህ አንድ እና አራት ላይ እየረገጠ፣ አፍህ ጮክ ብሎ እስከ ስድስት እየቆጠረ ተራውን ምት ብቻ፣ ትንንሾቹን የስኔር ምቶች ጨምረህ ተጫወት። ከዚያ ሦስት ባር ተራ ምት፣ በአራተኛው መጨረሻ የመጀመሪያውን ፊል። ቅጂው ንጹሕ ሲሆን ብቻ ከባዱን ምት በ5 ከፍ አድርግ፤ ትንንሾቹን ለሚቆጥረው ሜትሮኖም ይህ 15 ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የመጀመሪያው ማስቸገሩን እስኪተው ድረስ አትጀምር። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ከቤዝ ተጫዋቹ ጋር ሌላ ሰው ሳይኖር ተቀመጡና ባስ ድራምህ ከየትኞቹ የእርሱ ኖታዎች ጋር እንደሚገጥም ዘፈን በዘፈን ተስማሙ። ለፋሲካ ማግሥት ሠርጎች ትደርሳለህ።

ደብል ፔዳሉን አትግዛ። በገንዘቡ አዲስ የስኔር ቆዳና የጆሮ መከላከያ ግዛ፤ የተረፈው ቤዝ ተጫዋቹ ለልምምድ ለሚመላለስበት ትራንስፖርት ይሁን።